ሰባት አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ጌም ቤት፦ ሊኑክስ ደሴ ላይ ሲፈተን

ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ፣ ሰባት ኮምፒውተርና አንድ ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ጌም ቤት አለ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ የሃይስኩል ልጆች ይሞሉታል። ቅዳሜና እሁድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይጨመሩበታል። ባለቤቱ ስሙ እንዳይጠቀስ ጠይቆኛል። ኮምፒውተሮቹን ከዊንዶውስ ሊኑክስ ወደሚባለው ነፃና ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለማዛወር የሠራነውን ግን አንድም ሳላስቀር እንድጽፈው ፈቅዷል። እሱን የገጠመው ነገር ኮምቦልቻም፣ ሐይቅም፣ ወልዲያም ያሉ ጌም ቤቶችን መግጠሙ ስለማይቀር ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በመሠረቱ ስምንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። የዚህ ቤት ኮምፒውተሮች ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክሶች ናቸው። ከፊሎቹ ፎርዝ ጀነሬሽን፣ ከፊሎቹ ሲክስዝ ናቸው። አንዳቸውም መስፈርቱን አያሟሉም።

አዲስ ይግዛ እንዳንል የሰውዬውን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቤቱ ዕቃ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ተዘርፎ አልቋል። አሁን ያሉትን ማሽኖች ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ ነው የሰበሰባቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኮምፒውተር ዋጋም አብሮ ሄደ። ሰባት ማሽን በአንዴ መቀየር ለእሱ የሚታሰብ አልነበረም።

ሌላም ችግር ነበረበት፤ ቫይረስ። ልጆቹ ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ፍላሹ ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ዊንዶውሱ ራሱ በክራክ የተጫነ ነው። ጌሞቹም አብዛኞቹ ከእጅ እጅ የዞሩ ኮፒዎች ናቸው። ይህን ማድበስበስ አልፈልግም፤ አገራችን ውስጥ ያለው የጌም ቤት እውነታ ይሄ ነው። ባለቤቱ በየጊዜው ማሽን ፎርማት ማድረግ ሰልችቶት ነበር።

የጠየቀኝ ጥያቄ አጭር ነበር። «ወንድሜ፣ ሊኑክስ ላይ ጌም ይሠራል?»

እኔ ይህ ጥያቄ ጊዜው ያለፈበት ይመስለኛል። ከዐሥር ዓመት በፊት ተገቢ ጥያቄ ነበር። ዛሬ መጠየቅ ያለበት የትኛው ጌም፣ በየትኛው የግራፊክስ ካርድ ላይ የሚለው ነው። እኛም ሥራውን የጀመርነው ከዚያ ነው። ደንበኞቹ በትክክል የሚጫወቱትን ጻፍን። የእግር ኳሶቹ ፔስ 2013 እና ፔስ 2017፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ፣ ጂቲኤ 5፣ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ፣ ቴክን 7፣ ዶታ 2። ልጆቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ግን ቤቱ የሌለው ሌላ ዝርዝርም ነበር፤ አዲሱ የእግር ኳስ ጌም ኢኤ ኤፍሲ፣ ፎርትናይት፣ ቫሎራንት። ሁለቱ ዝርዝሮች የተለያየ ዕጣ ነው የገጠማቸው።

እዚህ እንዴት ተደረሰ

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የቴክኖሎጂ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ እንዲነሳ የሚያደርገው ዋይን የተጀመረው በ1993 ነው። ለረጅም ጊዜ ግን ጌም ላይ ሲደርስ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። ስቲም የሚባለው የጌም መሸጫና ማስነሻ ፕሮግራም ባለቤት የሆነው ቫልቭ ስቲምን ወደ ሊኑክስ ያመጣው በ2013 ነው። በ2015 በሊኑክስ የሚሠሩ ስቲም ማሽን የተባሉ ኮምፒውተሮች በአምራቾች በኩል ገበያ ላይ ወጡ፤ የሚጫወትባቸው ጌም በቂ ስላልነበረ አልተሳካም። ቫልቭ ከዚያ በኋላ መንገዱን ቀየረ። የጌም ሠሪዎችን «ለሊኑክስም ሥሩ» እያለ ከመለመን ይልቅ፣ ለዊንዶውስ የተሠራውን ጌም ራሱን ሊኑክስ ላይ ለማስነሳት ወሰነ። ፕሮቶን በ2018 የወጣው በዚህ ሐሳብ ነው። በ2022 ስቲም ዴክ የሚባለው በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ የምር ሆነ። መሣሪያው ራሱ ሊኑክስ ስለሆነ፣ ጌሞቹ ካልሠሩ የሚከስረው ቫልቭ ነው። የዛሬው ለውጥ በአብዛኛው የመጣው ከዚህ የንግድ ፍላጎት ነው ብዬ አምናለሁ።

ፕሮቶን የሚሠራውን ለባለቤቱ ያስረዳሁት በባቲ ገበያ ነው። ሰኞ ገበያው ሲቆም አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ይገናኛሉ። ሁሉም የሌላውን ቋንቋ አይችልም። መሀል ላይ ሁለቱንም የሚችል ሰው ቆሞ ያገበያያል። ፕሮቶንም ጌሙ በዊንዶውስ ቋንቋ የሚጠይቀውን ተቀብሎ ሊኑክስ በሚገባው ያቀርብለታል። በውስጡ ዋይን አለ። ዲኤክስቪኬ የተባለው ክፍል፣ የዊንዶውስ ጌም ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበትን ዳይሬክትኤክስ 9፣ 10 እና 11ን ወደ ቩልካን ይቀይራል። ለዳይሬክትኤክስ 12 ደግሞ ቪኬዲ3ዲ አለ። ቩልካን በ2016 የወጣ፣ ሊኑክስም የሚገባው ተመሳሳይ መነጋገሪያ ነው። በጥሩ ካርድ ላይ ይህ ሁሉ ቅብብሎሽ የሚያስከፍለው ፍጥነት ተጫዋቹ የሚያስተውለው አይደለም።

እንግዲህ «በጥሩ ካርድ ላይ» የምትለው ቃል ነች ደሴ ላይ የከበደችን።

ካርድ ያለው ማሽን ካርድ ከሌለው ሲያንስ

ከማሽኖቹ አንዱ ኤንቪዲያ ጂቲ 730 የተገጠመለት ነበር። ቤቱ ውስጥ እንደ ንጉሥ የሚታይ ማሽን ነው። ልጆች ከሌላው ቀድመው የሚይዙት እሱን ነበር። ሌላው ደግሞ ኤኤምዲ አርኤክስ 550 አለው። የቀሩት አምስቱ ካርድ የላቸውም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ በሚመጣው የኢንቴል ግራፊክስ ነው የሚሠሩት።

የቅርብ ጊዜዎቹ የፕሮቶን ስሪቶች የሚጠቀሙት ዲኤክስቪኬ 2 እና ከዚያ በላይ ነው። ይህ በ2022 መጨረሻ ሲወጣ ካርዱ ቩልካን 1.3 እንዲችል ግዴታ አደረገ። አሁን ሰባቱን ማሽኖች በዚህ ወንፊት አሳልፉ። የሲክስዝ ጀነሬሽን ኢንቴል፣ ኤችዲ 530 የሚባለው፣ ያልፋል። አርኤክስ 550ም ያልፋል። የፎርዝ ጀነሬሽኑ ኤችዲ 4600 አያልፍም፤ የቩልካን ድጋፉ ጎደሎ ነው። ጂቲ 730ም ወደቀ። የእኛው ኬፕለር የሚባለው የኤንቪዲያ ትውልድ ነው። ለዚህ ትውልድ የመጨረሻው የኤንቪዲያ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) 470 ነው፤ የሚደርሰው እስከ ቩልካን 1.2 ድረስ ብቻ ነው። የደህንነት ዝማኔውም በ2024 ቆሟል።

ስለዚህ «ካርድ ያለው» ማሽን ዳይሬክትኤክስ 11 የሚፈልግ ጌም ላይ ካርድ ከሌላቸው የሲክስዝ ጀነሬሽን ማሽኖች አነሰ። ባለቤቱ ይህን መቀበል ከብዶት ነበር። ለካርዱ ብር አውጥቷል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ በእርግጥ ይሻል ነበር። ሊኑክስ ላይ ግን ወሳኙ የካርዱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ድራይቨሩን ዛሬም የሚንከባከበው ሰው መኖሩ ጭምር ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨሮች ሜሳ በሚባለው ክፍት ፕሮጀክት ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ሊኑክስ ሲጫን አብረው ይመጣሉ። አሮጌ ኤንቪዲያ ግን ኩባንያው ሲተወው አብሮ ይቀራል። ያገለገለ ካርድ ለሊኑክስ ብሎ የሚገዛ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢወስድ ይሄን ቢወስድ ደስ ይለኛል።

የወደቁትን ማሽኖች አልጣልናቸውም። ፕሮቶን ዲኤክስቪኬን ትቶ ዋይንዲ3ዲ በሚባለው የቆየ መንገድ፣ ከቩልካን በፊት በነበረው በኦፕንጂኤል በኩል እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል። ስቲም ውስጥ የጌሙ ማስነሻ ትእዛዝ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው። ይህ መንገድ ለከባድ ጌም አይሆንም። ለዳይሬክትኤክስ 9 ዘመን ጌሞች ግን ይበቃል። ፔስ 2013፣ ሳን አንድሪያስ፣ ሞስት ዋንትድ ሦስቱም የዚያ ዘመን ናቸው። እዚያው ፎርዝ ጀነሬሽኖቹ ላይ ተመደቡ፤ እስካሁን እዚያው ናቸው። ጂቲ 730ን ነቅለን ማሽኑን በኢንቴሉ እንዲሠራ አደረግነው። ዶታ 2 ለሊኑክስ በቀጥታ የተሠራ ስለሆነ ፕሮቶን አይፈልግም፤ ሲክስዝ ጀነሬሽኖቹ ላይ ግራፊክሱ ዝቅ ተደርጎ ይሄዳል። ቴክን 7 እና ጂቲኤ 5 የተሰጡት ለአርኤክስ 550ው ማሽን ነው።

ዳታ

ከሊኑክስ ዓይነቶች የመረጥነው ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው። ኡቡንቱ 24.04 በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ የቆመ ስለሆነ እስከ 2029 ዝማኔ ያገኛል። ለጌም ተብለው የተዘጋጁ እንደ ባዛይት ያሉ ሊኑክሶች ጎበዝ ናቸው። ዝማኔያቸው ግን ከበድ ያለ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ኢንተርኔት እንደ ውሃ ተቆጥቦ ነው የሚጠጣው። ሚንት ወደ 3 ጊጋ የሚሆን አንድ ፋይል ነው፤ አንዴ ወርዶ በፍላሽ በየማሽኑ ላይ ይጫናል።

ይህ ቤት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያለ ኔት የሠራ ቤት ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ያስቀመጥነው ደንብ ኔት ቢጠፋም ቤቱ ሥራ አያቁም የሚል ነበር። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ጠቅሞናል።

የመጀመሪያው ስቲም በ2023 ያመጣው የቤት ውስጥ ቅብብሎሽ ነው። ዶታ 2 በአስር ጊጋዎች የሚቆጠር ጌም ነው። አንዱ ማሽን ላይ ሌሊት አወረድነው። ሌሎቹ ኢንተርኔቱን ሳይነኩ በስዊችና በኬብል ከእሱ ቀዱ። ይህ ዊንዶውስ ላይም አለ፤ ብዙ የጌም ቤት ባለቤት ግን አያውቀውም።

ሁለተኛው ሼደር የሚባሉትን የግራፊክስ ፋይሎች ቀድሞ ማውረድን መዝጋት ነው። ስቲም ሊኑክስ ላይ ጌሙ እንዳይቆራረጥ ብሎ እነዚህን ፋይሎች በየጊዜው ያወርዳል። ሐሳቡ መልካም ነው። በፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ግን ዳታ ይበላል። ዘጋነው። ጌሙ መጀመሪያ ሲከፈት ትንሽ ይቆራረጣል፤ ማሽኑ ራሱ ሠርቶ ካስቀመጣቸው በኋላ ይስተካከላል።

ሦስተኛው ስቲምን ኦፍላይን ማድረግ ነው። ማሽኑ ላይ አንዴ ከገቡበት በኋላ ኔት ሳይኖርም ብዙውን ጌም ይከፍታል።

ስለ አካውንትም ላንሳ። የስቲም ውል የግል አካውንትን ለንግድ መጠቀም አይፈቅድም። ለጌም ቤቶች የተለየ ፕሮግራም አለው። ስቲም በብር አይሸጥም፤ እዚህ አገር ሆኖ መክፈልም የራሱ ጣጣ አለው። ባለቤቱ የወሰነው ዶታ 2ን የመሰሉ የስቲም ጌሞችን ልጆቹ በየራሳቸው ነፃ አካውንት እንዲጫወቱ ነው። ከዚህ ጎን ሙሉ በሙሉ ነፃና ክፍት የሆኑ ጌሞች ጫንን። ሱፐርታክስካርት የመኪና ውድድር ነው፤ ዞኖቲክ የተኩስ ጌም ነው። ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት፣ በቤቱ ኬብል ብቻ፣ ልጆቹን እርስ በርስ ያጋጥማሉ። ሱፐርታክስካርት ፎርዝ ጀነሬሽኖቹ ላይ እንኳ ይሄዳል። አራት ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲወዳደር የሚሰማው ጩኸት ባለቤቱ ከጠበቀው በላይ ነበር። እኔ በግሌ ከሥራው ሁሉ በጣም ያስደሰተኝ ይሄ ነው። በኮፒ ያልተያዘ፣ ማንም የማይቆልፈው፣ የማንንም የባንክ ካርድ የማይጠይቅ ጌም እዚህ ከተማ ውስጥ ደንበኛ ሲያገኝ ማየት ትልቅ ነገር ነው። የቆዩት የፔስና የሌሎች ኮፒዎች ግን አሁንም ቤቱ ውስጥ አሉ። ሊኑክስ የፈቃድን ጉዳይ አይፈታም።

የዲስክ ጉዳይም አለ። ባለቤቱ ጌሞቹን ዊንዶውስ በሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ላይ እንዳሉ ሊተዋቸው ፈልጎ ነበር። ፕሮቶን ከኤንቲኤፍኤስ ጋር አይስማማም፤ ጌሙ ምንም ሳይል ይዘጋል። ፋይሎቹን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ አወጣናቸው፣ ዲስኩን ሊኑክስ በሚጠቀምበት በኢኤክስቲ4 ፎርማት አደረግነው፣ መለስናቸው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን መዝለል አይቻልም።

ያልሆነው

አሁን ወደ ልጆቹ ሁለተኛ ዝርዝር እንምጣ። ኢኤ ኤፍሲ፣ ፎርትናይት፣ ቫሎራንት፤ ሦስቱም አይሠሩም። አርኤክስ 550 ቀርቶ የዓለም ትልቁን ካርድ ብንገጥም አይሠሩም።

ምክንያቱ ማጭበርበርን የሚከላከለው አንቲቺት ነው። እነዚህ ጌሞች ከርነል እስከሚባለው የዊንዶውስ እምብርት ድረስ ገብቶ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ይጭናሉ። ፕሮቶን ያንን ሊያስመስል አይችልም። የኢኤ ኤፍሲ ሠሪ ኢኤ የራሱን አንቲቺት ወደ ኮምፒውተሩ ፊፋ 23 ካስገባ ጀምሮ አዳዲሶቹ የእግር ኳስ ጌሞቹ ለሊኑክስ ተዘግተዋል። ኤፔክስ ሌጀንድስ ለዓመታት ሊኑክስ ላይ ሲሠራ ቆይቶ በ2024 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ኩባንያው ራሱ ዘጋው። ጂቲኤ ኦንላይንም በዚያው ዓመት ባትልአይ የተባለውን አንቲቺት ሲያስገባ ተቆለፈ፤ የጂቲኤ 5 ታሪክ ክፍል ግን እስካሁን ይሠራል።

የሚያናድደኝ ባትልአይም ሆነ ኢዚ አንቲቺት ከ2021 ጀምሮ ከፕሮቶን ጋር መሥራት መቻላቸው ነው። የጌሙ ባለቤት እሺ ካለ ይሆናል። ኩባንያዎቹ የሚሰጡት መልስ ሊኑክስ ክፍት ስለሆነ አጭበርባሪው ከርነሉን ራሱን ሊቀይረው ይችላል የሚል ነው። ስጋቱ ባዶ አይደለም። ተጫዋቹም ጥቂት ነው፤ በ2025 ጥቅምት በስቲም ጥናት የሊኑክስ ድርሻ 3 በመቶን ገና ማለፉ ነበር። ለዚህ ቁጥር ብሎ የሚለፋ ኩባንያ ጥቂት ነው። ግን ይሄ የንግድ ውሳኔ እንጂ የቴክኒክ አቅም ማጣት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት።

ለባለቤቱ ይህን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው የነገርኩት። እሱም አስቦበት፣ «አብሽር፣ አዲሱ ኳስ ለፕሌይስቴሽኑ ይሁን» አለኝ። ትክክል ነበር። ፎርትናይትና ቫሎራንት ደግሞ በእነዚህ ማሽኖች ዊንዶውስ ላይም በደንብ የሚሄዱ አልነበሩም። ጠንካራ ማሽን ያለው፣ ደንበኛውም ለእነዚህ ጌሞች ብቻ የሚመጣለት ቤት ቢጠይቀኝ ኖሮ ግን በዊንዶውስ ቀጥል ነበር የምለው።

አንድ ማሽንም በዊንዶውስ ቀርቷል። ቤቱ ጎን ለጎን ያትማል፣ ደብዳቤም ይጽፋል። ደንበኞች ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ አሮጌ ፋይል ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ያ ማሽን ለሥራ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔትም ሆነ ጌም የለበትም።

ጆይስቲክ ላይ ያየነው ያልጠበቅነው ነበር። ርካሾቹ ተራ የዩኤስቢ ጆይስቲኮች እንደተሰኩ ሠሩ። አስመስለው የተሠሩት የፕሌይስቴሽን ኮፒዎች ግን አንዳንዶቹ አልታወቁም። የሊኑክሱ ድራይቨር የሶኒ ዕቃ መስሎት የሚጠይቀውን ኮፒው መመለስ አይችልም። እነሱ ወደ ፕሌይስቴሽኑ ሄዱ። የሰዓት መቁጠሪያውም ሶፍትዌር የዊንዶውስ ነበር። ታይምከፐር የሚባል ሚንት ላይ የሚጫን ነገር አሳየሁት፤ እሱ ግን ደብተርና የግድግዳ ሰዓት መረጠ። እህቱ ናት ሒሳብ የምትይዘው፤ ለእሷም ይቀላታል።

አሁን ያለበት

ከሰባቱ ስድስቱ በሊኑክስ እየሠሩ ነው። የፍላሽ ቫይረሱ አብቅቷል፤ ፋይሉ ፍላሹ ላይ ቢኖርም ማሽኑ ላይ አይነሳም። ልጆቹ የሚገቡበት አካውንት ምንም ነገር መጫን አይችልም። የሆነ ነገር ቢበላሽ ታይምሺፍት በሚባለው ከሚንት ጋር በሚመጣ ፕሮግራም ወደ ትናንቱ ሁኔታ ይመለሳል። መብራት በድንገት ሲሄድ ማሽኖቹ እስካሁን ያለ ችግር ተነስተዋል። የአንዱ ሃርድ ዲስክ ግን ማርጀቱ ስለማይቀር በኤስኤስዲ መተካት አለበት።

ልጆቹ መጀመሪያ «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉ ነበር። ጌሙ ሲከፈት ጥያቄው ቆመ። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በራሳቸው ላፕቶፕ ላይ እንድንጭንላቸው መጥተው ነበር። የአንዱ ዝርዝር ውስጥ ቫሎራንት ስለነበረ ዊንዶውሱን ሳናጠፋ ጎን ለጎን ጫንንለት።

ባለቤቱ ቀጥሎ የሚያስበው ለሲክስዝ ጀነሬሽኖቹ ካርድ መጨመር ነው። አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በብዙ ይቀንሳል። የፈለገው አርኤክስ 550 ነው፤ ወደ 50 ዋት ስለሚወስድ ከፓወር ሰፕላይ የተለየ ገመድ ሳይፈልግ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ ይሠራል። ኦፕቲፕሌክሶቹ ግን ሁለቱ ቀጭን ኬዝ ናቸው። ለእነሱ አጭሩን፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን መግዛት ግዴታ ነው። መደበኛው ኬዙ ውስጥ አይገባም። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው የሰጠው ወረቀት ላይ ይህንኑ በቀይ አስምሮበታል።